የሞላ ጎተራና የሞላ ሰርቨር

አንባቢዎቼ ሆይ! በሰበታ ዙሪያ የሚኖር ገበሬ ጤፉ ተወቅቶ ጎተራው እስከ አፉ ሲሞላለት ፈጣሪውን ያመሰግናል። የመሥሪያ ቤት ሰርቨር እስከ አፉ ሲሞላ ግን የሚከተለው ምስጋና ሳይሆን እሮሮ ነው። ሰርቨር ማለት የብዙ ሰዎችን መዝገብ በአንድ ስፍራ ይዞ ለጠያቂው ሁሉ የሚያቀርብ ኮምፒዩተር ነው፤ መዝገቡ የሚያርፍበትም ክፍል ዲስክ ይባላል። ዲስኩ ከሞላ አዲስ ነገር መመዝገብ ያቅተዋል፤ ሥራውም ይቆማል።

በሰበታም ሆነ በቡራዩ ወይም በሱሉልታ በአንድ መስኮት ፊት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ተብሎ ያልተመለሰ ሰው ጥቂት ነው። ምክንያቱ አንድ ቀን መብራት፣ አንድ ቀን መስመር ሊሆን ይችላል። መብራት ሳይናገር ይጠፋል፤ ዲስክ ግን አብዛኛውን ጊዜ ቀስ በቀስ ስለሚሞላ፣ ለሚመለከተው ሰው አስቀድሞ ይታያል።

ይህን ችግር የእኛ ብቻ አድርጎ የሚገምት ቢኖር ተሳስቷል። በነሐሴ ወር 2015 ዓ.ም. የቶዮታ ኩባንያ በጃፓን ያሉት 14 የመኪና መገጣጠሚያ ፋብሪካዎች በሙሉ ቆመውበት ነበር። ኩባንያው ራሱ በኋላ እንደገለጠው፣ ነሐሴ 21 ቀን በተደረገው የዘወትር ጥገና የተከማቸውን መዝገብ ሰርዞ ለማስተካከል ሲሞከር የዲስክ ቦታ አነሰ። የዕቃ ማዘዣውም ሰርቨር ቆመ። ተጠባባቂውም በዚያው ሲስተም ላይ ይሠራ ስለነበር አብሮ ተሰናከለ። መዝገቡ ሰፋ ወዳለ ሰርቨር ከተዛወረ በኋላ ፋብሪካዎቹ ነሐሴ 24 ቀን ሥራ ጀመሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንደኛ፣ ማጽዳት ራሱ ቦታ ይፈልጋል፤ እህል ለማገላበጥ ባዶ ወለል እንደሚያስፈልግ ማለት ነው። ስለዚህ ዲስክ የሚቆጣጠረው ፕሮግራም ሁሉም ነገር ካለቀ በኋላ ሳይሆን፣ ለምሳሌ 80 ከመቶ ሲደርስ እንዲያስጠነቅቅ፣ 90 ከመቶ ሲደርስ የአደጋ ጥሪ እንዲያሰማ ማድረግ ይገባል። ሁለተኛ፣ ጠባቂውና ተጠባቂው በአንድ ዲስክ ላይ አይኑሩ። ተቆጣጣሪው ፕሮግራም የለካውን ሁሉ ስለሚመዘግብ እሱም ቦታ ይበላል፤ ዲስኩ የሞላ ለት ደግሞ የራሱን ማስጠንቀቂያ የሚጽፍበት ያጣል። በሌላ ኮምፒዩተር ላይ ይቀመጥ፤ የቆየው ልኬትም በየጊዜው ይቀነስለት።

በሊኑክስ ሰርቨር ላይ «ዲኤፍ» የተባለው ትእዛዝ ከዲስኩ ምን ያህሉ እንደተያዘ ይናገራል፤ «ዲዩ» ደግሞ ቦታውን የያዘው የትኛው ክፍል እንደሆነ ያሳያል። የሁለቱ ቃል ባይስማማ አትደንግጡ። አንድ ፕሮግራም ከፍቶ የያዘው ፋይል ቢሰረዝም፣ ፕሮግራሙ እስኪዘጋው ድረስ ቦታውን አይለቅም።

ይሁን እንጂ ከመሣሪያው ይልቅ የሚከብደው የሰው ነገር ነው። ማስጠንቀቂያው ለአሥር ሰው ቢላክ፣ አሥሩም «ሌላው አይቶታል» ብለው ሊያልፉት ይችላሉ። ያለ ምክንያት ቀኑን ሙሉ የሚጮህ ፕሮግራምም እንደ ጎረቤት ውሻ ነው፤ ሌባ የገባ ለት ማንም ከአልጋው አይነሣም። ስለዚህ ማስጠንቀቂያው የሚደርሰው አንድ ኃላፊ በስሙ ይመደብ፤ እሱ ፈቃድ ሲወጣ የሚተካውም አስቀድሞ ይታወቅ።

ወጣት የመንግሥት ሠራተኞች ሆይ! ይህ ሥራ ቢሰጣችሁ አትናቁት። ሳይቃጠል በቅጠል ይሏልና፣ በሳምንት አንድ ቀን ዲስኩ በምን ፍጥነት እየሞላ እንደሆነ ተመልከቱ፤ ለአለቃችሁም ከወዲሁ በጽሑፍ አስታውቁ። ምንም ነገር ስላልደረሰ የሚያመሰግናችሁ አይኖር ይሆናል። ነገር ግን ከሩቅ ቀበሌ በእግራቸው የመጡት እናት ጉዳያቸውን ጨርሰው በዚያው ቀን ወደ ቤታቸው ከተመለሱ፣ ደመወዛችሁን በሚገባ ሠርታችሁበታል።