ስለ እንስሶች ተፈጥሮ፤ አዋልዲጌሳ የሚባለው አውሬ

ሰው በሐሰት ቢከሰስ ከዳኛ ፊት ቆሞ ለራሱ ሊከራከር ይችላል። አውሬ ግን አንደበት የለውምና አንድ ጊዜ ክፉ ስም ከወጣለት ያንኑ ተሸክሞ ይኖራል። ዛሬ የምንጽፍለት አዋልዲጌሳ ከእነዚህ አንዱ ነው። ስሙ ከኦሮምኛ የመጣ ሲሆን ትርጓሜው መቃብር አፍራሽ ማለት ነው። ስለዚህም ሬሳ የሚበላ እየመሰላቸው የሚጠሉት ሰዎች አሉ።

እንግዲህ ፍርዱን ከመስጠታችን በፊት አካሉን እንመርምር። ርዝመቱ ከአፍንጫው እስከ ጭራው ሥር አንድ ሜትር ወይም ከዚያ ጥቂት የሚበልጥ ነው፤ ክብደቱም ብዙውን ጊዜ ከ40 እስከ 65 ኪሎ ይሆናል። ጀርባው ጎባጣ፥ ጠጕሩ ሳሳ ያለ፥ ቆዳው ወፍራም ነው። አፍንጫው የዐሣማ፥ ጆሮው የአህያ ይመስላል። በፊት እግሩ አራት፥ በኋላ እግሩ አምስት ጣቶች አሉት፤ ጥፍሮቹም ለመቆፈር እጅግ የጠነከሩ ናቸው። የሚያጣብቀው ምላሱ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ይረዝማል።

ከሁሉ የሚያስደንቀው ግን ጥርሱ ነው። በፊት በኩል ጥርስ የለውም፤ የመንጋጋ ጥርሶቹም ሥር የሌላቸውና ከጥቃቅን ቧንቧዎች የተሠሩ ናቸው። እንዲህ ያለ ጥርስ ካላቸው እንስሶች ዛሬ በሕይወት የቀረው እርሱ ብቻ ነው። በዚህ ጥርስ ሥጋ መቦጨቅና አጥንት መቆርጠም ከቶ አይቻልም። ምግቡም ሌሊት እየወጣ የሚለቅመው ምስጥና ጉንዳን ነው።

አገሩ ከሰሐራ በረሃ በስተደቡብ ያለው አፍሪቃ ነው። ከደረቅ በረሃ በቀር ምግቡን በሚያገኝበት ስፍራ ይኖራል። በኢትዮጵያ እስከ 3,200 ሜትር ከፍታ ድረስ ተገኝቷል፤ በአዋሽ ብሔራዊ ፓርክም አለ። በደሴ የቧንቧ ውሃ ሰፈር የሚኖሩ አንባቢዎቻችን፥ የኮምቦልቻው ቦርከና ወደ አዋሽ ይወርዳልና፥ የዚህ አውሬ የሩቅ ጎረቤቶች ናቸው ቢባል ስሕተት አይሆንም።

ጉዳት የለውም አንልም፤ የቆፈረው ጉድጓድ የበቅሎና የፈረስ እግር ሊሰብር ይችላል። ነገር ግን የቤት ምሰሶ የሚያነክተውን፥ ጎተራ የሚያበላሸውን ምስጥ የሚበላ እርሱ ነው። ትቶት የሄደውም ጉድጓድ ለከርከሮ፥ ለጃርትና ለጅብ ቤት ይሆናል። ምናልባት ከዚያ ጉድጓድ ጅብ ሲወጣ ያየ ሰው የጅቡን ኃጢአት በቆፋሪው ላይ ጭኖበት ይሆናል።

እናቲቱ ሰባት ወር ያህል አርግዛ የምትወልደው አንድ ግልገል ብቻ ስለ ሆነ፥ ያለ ጥፋቱ የተገደለው ቶሎ አይተካም። ድርቅም ይጎዳዋል። በደቡብ አፍሪቃ በካላሃሪ ምድር እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ከ2012 እስከ 2013 በደረሰው ድርቅ ሊቃውንት ይከታተሏቸው ከነበሩት 6 አዋልዲጌሳዎች 5ቱ ሞተዋል።

ስለዚህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁ የዚህን አውሬ ስም ሲሰሙ ጥርሱንም አብራችሁ ንገሯቸው። በስም ብቻ ከመፍረድ አስቀድሞ መመርመርን በአውሬ የተማረ ልጅ፥ ነገ በሰው ላይ ለመፍረድ በተቀመጠ ጊዜ አይቸኩልም።