የጉናን ሞስ ማን ያጥናው?

ደጋው ላይ ውርጭ ድንቹን የመታው እንደሆነ፣ ውርጭ የማናውቀው፣ ባሕር ዳር አጠገብ የምንኖር የሰባታሚት ሰዎችም ገበያ ላይ እንቀምሰዋለን። ለዚህ ችግር አንድ ፍንጭ ያለው ግን ማንም ዞር ብሎ በማያየው ተክል ውስጥ ነው፤ ክረምት ላይ ድንጋይና ግንብ የሚያለብሰው፣ አበባም ፍሬም የሌለው፣ በሳይንሱ ሞስ የሚባለው።

ባዮሎጂ ሳስተምር በመጋቢት ከግቢዬ ግንብ የደረቀ ሞስ ፍቄ ለተማሪዎቼ እወስድላቸው ነበር። በጣት ሲነኩት ይፈረፈራል፤ ውኃ ጠብ ሲያደርጉበት ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ ይለመልማል። ድርቀትና ውርጭ ደግሞ ዘመዳሞች ናቸው። ብርድ ሲበረታ በረዶው መጀመሪያ የሚሠራው ከሕዋሱ ውጭ ነው፤ ያም ውኃውን ከውስጥ እየሳበ ሕዋሱን ያደርቀዋል። ስለዚህ ጥማትን የሚያስችሉ ጂኖች ለብርድም ይጠቅማሉ።

ይህ በቤተ ሙከራ ታይቷል። ፊስኮሚትሪየም ፓተንስ የተባለው ሞስ ጂኖም ይፋ የሆነው እ.ኤ.አ. በ2008 ነው። ብርድ ሲለማመድ ስኳር ያከማቻል፤ ሕዋሱን ከድርቀት ጉዳት የሚጠብቁ ፕሮቲኖችን የሚያሠሩ ጂኖቹም ይነቃሉ። አብሲሲክ አሲድ የተባለው ሆርሞን ሲሰጠው ቅዝቃዜን የመቋቋም አቅሙ ከፍ ይላል። ይኸው ሆርሞን ድንችም ጤፍም ውስጥ አለ። በሞስ ላይ አንድን ጂን ለይቶ ማጥፋት ይቀላል፤ ጂኑ ሲጠፋ ተክሉ ብርድ ካቃተው የጂኑ ሥራ ታወቀ ማለት ነው።

የቻይናና የጀርመን ተመራማሪዎች ቲቤት ተራሮች ላይ የሚበቅለውን ታካኪያ የተባለ ሞስ አጥንተው ጂኖሙን እ.ኤ.አ. በ2023 አሳተሙ። እኛስ? የጉማራና የርብ ወንዞች የሚነሡበት የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ቀን ፀሐዩ ያቃጥላል፣ ሌሊት ውርጩ ይወርዳል፤ ጅብራውና ጓሳው ሥር ያለው ሞስ ሁለቱንም ይችላል። የአገራችንን ዕፅዋት የዘረዘሩት ትልልቆቹ የፍሎራ ጥራዞች ግን ሞስን አይጨምሩም።

«ሕዝቡ ድንች አጥቶ ስለ ሞስ ታወራለህ?» የሚለኝ አይጠፋም። የማወራው ለድንቹ ብዬ ነው፤ የትኛው ጂን ብርድን እንደሚያስችል ያወቀ ሰው ድንቹ ውስጥ ምን መፈለግ እንዳለበት ያውቃል። ቸል ማለት ደግሞ ዋጋ ያስከፍላል። በጤፋችን ላይ ኔዘርላንድስ ውስጥ የተሰጠው ፓተንት በሄግ ፍርድ ቤት ውድቅ የተደረገው እ.ኤ.አ. በ2018 ነበር። የጄኔቲክ ሀብታችንን የሚጠብቅ አዋጅ ቁጥር 482/1998 አለን፤ ያልተመዘገበን ሀብት ግን አዋጅ ብቻውን አያስጠብቀውም።

የባሕር ዳርና የደብረ ታቦር ዩኒቨርሲቲዎች ከአዴት ግብርና ምርምር ማዕከል ጋር ሆነው የጉናንና የጮቄን ተራሮች ሞስ ይሰብስቡ፤ ናሙናውን በኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ያስመዝግቡ። ለመጀመር ሁለት የማስተርስ ተማሪና ትንሽ በጀት ይበቃል። ሌላው ቀድሞን ካጠናው በኋላ ብንቆጭ የሚሰማን የለም።