የመኪና ቤት በር የሚያስመጣ ነጋዴ ሞላውንም ያስመጣ

በዛሬው ጊዜ በአዲስ አበባም ሆነ በሌሎቹ ታላላቅ ከተሞቻችን በሚሠሩት መኖሪያ ቤቶች ወደ ላይ የሚነሣ የመኪና ቤት በር ማየት እንግዳ ነገር መሆኑ ቀርቷል። ጋራዥ የሚለው ቃል በእኛ ዘንድ የመኪና መጠገኛውን ሥፍራ ስለሚያሳስብ፣ በዚህ ጽሑፍ የመኪና ቤት እያልሁ መናገሩን መርጫለሁ። በሩ ከውጭ አገር ይመጣል፤ አስመጪው ያተርፍበታል፤ ባለቤቱም ቤቱን ያሳምርበታል። ይህ ሁሉ መልካም ነው። ነገር ግን ከጥቂት ዓመታት በኋላ በሩ አልነሣ ያለ እንደ ሆነ ባለቤቱ መለዋወጫ ፍለጋ ከሱቅ ወደ ሱቅ ይንከራተታል። አስመጪውን ቢጠይቁት ፈላጊ የለውም ይላል፤ ገዢውን ቢጠይቁት የሚሸጥ አላገኘሁም ይላል። በእኔ አስተያየት ጥፋቱ ከአስመጪው ወገን ያመዝናል፤ ምክንያቱንም ከዚህ በታች እገልጻለሁ።

ብዙ ሰው በሩን የሚያነሣው ሞተሩ ወይም የከፋቹ ክንድ ይመስለዋል። የበሩን ክብደት የሚሸከመው ግን ከበሩ ራስ በላይ በተጋደመው ዘንግ ላይ ተጠምዝዞ የተወጠረው ሞላ ነው። ሞላው ደኅና ከሆነ ከባዱን የብረት በር አንድ ልጅ በአንድ እጁ ሊያነሣው ይችላል፤ ሞላው ከተሰበረ ግን ሁለት ጐልማሶች ይቸገሩበታል፤ ሞተሩም ይቃጠላል። እንግዲህ አንድ መደበኛ ሞላ ብዙ ጊዜ የሚሠራው 10,000 ጊዜ ያህል ተከፍቶ እንዲዘጋ ታስቦ ነው። ባለቤቱ ጧት ሲወጣ፣ ለምሳ ሲገባና ሲወጣ፣ ማታም ሲመለስ በሩ በቀን 4 ጊዜ የሚከፈትና የሚዘጋ ቢሆን፣ ይህ ቍጥር በ2,500 ቀን ይፈጸማል፤ ይኸውም 7 ዓመት ሳይሞላ ማለት ነው። ዘንድሮ 100 በሮች የሸጠ አስመጪ፣ ከ7 ዓመት በኋላ 100 ያህል ደምበኞች ሞላ ፈልገው እንደሚመጡ ዛሬውኑ በመዝገቡ ሊጽፈው ይችላል። እንዲህ አስቀድሞ የታወቀ ገበያ ያለው ዕቃ በንግድ ዓለም ምን ያህል አለ?

ሞላውን ለማዘዝ ያሰበም ቢኖር የትእዛዝ ደብዳቤው በወጉ መጻፍ አለበት። በጽሕፈት ሥራዬ ምክንያት እንዲህ ያሉትን ወረቀቶች አዘውትሬ ስለማገላብጥ፣ ‹‹ለመኪና ቤት በር የሚሆን ሞላ›› ከሚል ባዶ ቃል በቀር ምንም ያልሠፈረባቸውን አይቻለሁ። ላኪው ይህን አንብቦ የሚልከው በመጋዘኑ የተረፈውን ነው። የሽቦው ውፍረት፣ የጥምዝምዙ የውስጥ ስፋት፣ የሞላው ርዝመት፣ የተጠመዘዘበትም አቅጣጫ ግራ ይሁን ቀኝ ተለይቶ ሊገለጽ ይገባል፤ የበሩም ክብደት በኪሎ ቢጨመር ስሕተት ይቀንሳል። የሽቦው ውፍረት በጥቂት ነጥብ ሚሊ ሜትር ብቻ ቢለያይ ሞላው የሚያነሣው ክብደት ይለወጣልና፣ በዐይን ግምት የተገዛ ሞላ ገንዘብ ማባከን ነው።

ስለ በሩ ምርጫ ብዙ መናገር አያስፈልገኝም። እንጨት ያማረ ነው፤ ነገር ግን በክረምት ዝናብ ያብጣል፤ በበጋ ፀሐይ ይሰነጠቃል። አሉሚንየም ቀላልና የማይዝግ ሲሆን በትንሽ ግጭት ይጐደጕዳል። ስለዚህ ለአብዛኛው ሰው ዚንክ የተለበጠ ብረት ይሻለዋል። በሁለት ላሜራ መካከል ሙቀት መከላከያ የተሞላበት በር ለአዲስ አበባ አየር እምብዛም አስፈላጊ አይደለም፤ ፊቱን ለፀሐይ ለሰጠ የድሬዳዋ ቤት ግን ዋጋው አይቈጭም። ከሁሉ በፊት ከበሩ አፍ በላይ ያለው ባዶ ቦታ ይለካ። በክፍል በክፍል ተገጣጥሞ በጣራው ሥር የሚተኛው ዐይነት አብዛኛውን ጊዜ 30 ሳንቲ ሜትር ያህል ስለሚፈልግ፣ ግንበኛው ጣራውን ዝቅ አድርጎ ከጨረሰው በኋላ በሩን መግዛት ጭቅጭቅን መግዛት ነው።

ጥገናው ቀላል ነው። በዓመት ሁለት ጊዜ፣ አንደኛው ክረምቱ ሳይገባ በግንቦት ቢሆን ይመረጣል፣ ብሎኖቹ ይጥበቁ፤ ሞላው፣ ማጠፊያዎቹና የመንኰራኵሮቹ ኩሽኔታ ቀጭን ዘይት ይቀቡ። መንኰራኵሮቹ የሚሄዱበት የብረት ቦይ ግን በጨርቅ ከመወልወል በቀር ምንም አይቀባ፤ ግራሶ የተለቀለቀ ቦይ የበጋውን አቧራ ሰብስቦ ጭቃ ያደርገዋልና። የሞላውን ሚዛን ለማወቅ ሞተሩን ከበሩ አላቅቆ፣ ከሥሩ ሰው እንዳይኖር አድርጎ፣ በሩን እስከ ወገብ አንሥቶ መልቀቅ ነው። ባለበት ከቆመ ደኅና ነው። ቍልቍል ከወረደ ሞላው ደክሟል።

የደከመውን ሞላ የሚለውጠው ማን ነው? እዚህ ላይ ዝም ማለት አልችልም። የቤቱን ዘበኛ ወይም ተላላኪውን በመሰላል አውጥቶ የተወጠረ ሞላ እንዲፈታ ማዘዝ ሰውን ለጉዳት ማጋለጥ ነው፤ በውስጡ የታመቀው ኀይል ቢያመልጥ እጅ ይሰብራል፤ ከዚያም የከፋ ሊያደርስ ይችላል። በበሩ ግርጌ በግራና በቀኝ የሽቦ ገመዱ የታሰረባቸው ብሎኖችም እንዲሁ የሚነኩ አይደሉም። ሥራው ለሠለጠነ ባለሙያ ይሰጥ፤ ሁለት ሞላዎች ያሉትም በር አንዱ ሲሰበር ሁለቱም በአንድ ጊዜ ይለወጡለት፤ ዕድሜያቸው አንድ ነውና ሁለተኛው ብዙ አይቈይም። አስመጪዎቻችን ከሚሸጡት በር ጋራ አንድ ሁለት ባለሙያ ቢያሠለጥኑ ደምበኛን አጥብቆ የሚያስር አገልግሎት ይሆንላቸዋል።

ሞተር የሚያስገባ ሰው ሁለት ነገር ይጠይቅ። አንደኛው፣ ከወለሉ 15 ሳንቲ ሜትር በማይበልጥ ከፍታ ግራና ቀኝ የሚተከሉት የብርሃን ዐይኖች መኖራቸውን ነው፤ እነዚህ ዐይኖች ልጅ ወይም ዕቃ መካከላቸው ሲገባ በመውረድ ላይ ያለውን በር መልሰው ያነሡታል። በአሜሪካ አገር በአውሮፓውያን አቈጣጠር ከ1993 ዓ.ም. ጀምሮ የሚሠራ የመኖሪያ ቤት ሞተር እንዲህ ያለ መከላከያ እንዲኖረው በሕግ ታዟል። ገጣሚው ያስቸግራሉ ብሎ ዐይኖቹን ሊያነሣ ቢል ባለቤቱ አይቀበለው። ሁለተኛው፣ መብራት ሲጠፋ ሞተሩን ከበሩ የሚያላቅቀው ገመድ ነው፤ መኪና ቤቱ ሌላ መግቢያ የሌለው እንደ ሆነ ደግሞ ይህ ገመድ ከውጭ በቍልፍ የሚሳብበት መሣሪያ አብሮ ይገዛ፤ ቍልፉም መኪና ቤቱ ውስጥ አይቀመጥ።