ከአጥሩ ውጭ ያሉት

የአዲስ አበባ ወላጅ ልጁን እንስሳ ሊያሳይ ሲነሣ እግሩ የሚያመራው ወደ ስድስት ኪሎ ነው። በ1940 ዓ.ም. የተከፈተው አንበሳ ግቢ የብዙ ትውልድ የልጅነት ትዝታ ነው። ጎፈረ ጥቁር አንበሶቹም የዋዛ አይደሉም፤ በ2005 ዓ.ም. ይፋ የሆነ የዘረመል ጥናት፣ የግቢው አንበሶች በጥናቱ ከተነጻጸሩት የአፍሪካ አንበሶች የተለየ የዘር ሐረግ እንዳላቸው አሳይቷል። በ2012 ዓ.ም. ደግሞ በታላቁ ቤተ መንግሥት ቅጥር ውስጥ አንድነት ፓርክ ተከፍቶ ለቤተሰብ ሌላ አማራጭ ሆነ።

እሰየው ነው። የሚያሳስበኝ ግን እንስሳ ማየት ማለት በአጥር ውስጥ ያለውን ማየት ብቻ እየመሰለን መምጣቱ ነው። ቤተሰቡ ይገባል፣ ፎቶ ይነሣል፣ ይወጣል። የተኛውን አንበሳ ለማስነሣት ጠጠር የሚወረውር ጎረምሳ ሲኖር የሚገስጸው ሰው እምብዛም አይገኝም፤ አጠገቡ የቆመው ሕፃንም እንስሳ እንዲህ የሚታይ ነገር መሆኑን ተምሮ ይሄዳል። ከከተማው ወጣ ብሎ ግን በዓለም ላይ ሌላ አገር የማይገኝ እንስሳ በነፃነት ሣሩን ይግጣል።

ጭላዳን ማለቴ ነው። በጎጃም መንገድ መቶ ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ፣ በደብረ ሊባኖስ ገደል አፋፍ፣ ከፖርቹጋሎች ድልድይ አካባቢ ይገኛል። ኑሮው በሣር ላይ ነው፤ በመቀመጫው ተንፏቆ በጣቶቹ እየነጨ ይበላል። በዓለም ካሉት የዝንጀሮና የጦጣ ወገኖች መካከል ሣርን ዋና ምግቡ ያደረገ እሱ ብቻ ነው። ሌሊቱን ገደል ላይ አድሮ ሲነጋ ወደ ሜዳው ይወጣል። የአውራው ጎፈርና ደረቱ ላይ ያለው ቀይ ገላ ልጅን አፍዝዞ ያስቀምጣል። ወላጆች፣ እባካችሁ ዳቦና ሙዝ አትወርውሩለት። ከሰው እጅ መብላት የለመደ መንጋ ግጦሹን ትቶ መኪና መንገድ ዳር ይውላል፤ ከዚያ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያስቸግርም። ከመነሣታችሁ በፊት ደግሞ የመንገዱን ሰላም ጠይቁ።

ወደ ምዕራብ ለሚወጣ፣ ከሰበታ አለፍ ብሎ በወጨጫ ተራራ ላይ የመናገሻ ሱባ ደን አለ። በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አፄ ዘርዓ ያዕቆብ የጽድ ዘር ከወፍ ዋሻ አስመጥተው እንዳስተከሉት ይነገራል። ጽዱ፣ ዝግባውና ወይራው ላይ ጉሬዛ ይዘላል። የጉሬዛ እጅ አውራ ጣት የለውም ማለት ይቻላል፤ ይህን ለልጅ ነግሮ «እስቲ አንተ ያለ አውራ ጣት ቅርንጫፍ ያዝ» ማለት ከአንድ የክፍል ትምህርት ይበልጣል። ዝም ብሎ ለሚጠብቅ ደግሞ የምኒልክ ድኩላ ብቅ ይላል። ዝምታ ግን ያስፈልጋል፤ ድምፅ ማጉያ ይዞ ወደ ደን የሚገባ ሰው የሚያየው ዛፉን ብቻ ነው።

በአምቦ መንገድ፣ አሥራ ስምንት ኪሎ ሜትር ያህል ላይ፣ ገፈርሳ አለ። ለከተማው የመጠጥ ውኃ በሚሰጠው በዚህ ግድብ ዳርቻ ላይ የኢትዮጵያ ብቻ የሆነው ባለ ሰማያዊ ክንፍ ዝይ ይታያል። ወፍ ለማየት ከባሕር ማዶ ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚመጡ ሰዎች ቦታውን በስሙ ያውቁታል። ከዚያው መንገድ ሳይወጡ፣ ሆለታ አጠገብ፣ ከሕገ ወጥ ነጋዴ እጅ የተያዙ አንበሶችና አቦ ሸማኔዎች የሚጠለሉበት እንስሳ ኮቴ የተባለ ማዕከል ይገኛል። የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከአፍሪካ ቀንድ ወደ ዓረብ አገሮች በድብቅ ይሸጣሉ፤ ጉዳዩ ለልጆችም ሊነገር የሚገባው ነው። ከመሄድ በፊት ደውሎ መጠየቅ ይሻላል።

በደቡብ በኩል ያለው ግን ልብ ይሰብራል። የአገራችን የመጀመሪያው የውኃ ኃይል ማመንጫ የተሠራበት አባ ሳሙኤል፣ ከአቃቂ ረግረግ ጋር፣ የአውሮፓን ክረምት ሸሽተው የሚመጡ ወፎች ማረፊያ ነው። ከተማችን ግን የቆዳ ፋብሪካውንም የመኖሪያ ቤቱንም ፍሳሽ በአቃቂ ወንዞች ወደዚያው ትለቃለች፤ እምቦጭም ውኃውን ወርሮታል። ሺህ ኪሎ ሜትሮች በርረው የመጡ እንግዶችን የሚቀበላቸው የእኛ ቆሻሻ ነው። ይህን ማስተካከል የወላጅ አቅም አይደለም፤ የሚያስተካክለው ፋብሪካውን ፈቅዶ የሚቆጣጠረው አካል ነው።

ቤተሰብን ወደ ቦታዎቹ ማድረስ ግን ብዙ ገንዘብ አይፈልግም። የግል መኪና የሌለው ቤተሰብ ወደ እነዚህ ቦታዎች የሚሄድበት መንገድ ጠባብ ነው፤ ሚኒባስ ተቀያይሮ፣ ከዚያም በእግር ሕፃን ይዞ መሄድ ያደክማል። የከተማው አስተዳደር እሑድ ጠዋት ወደ ገፈርሳና ወደ መናገሻ ሱባ ሄዶ ከሰዓት የሚመለስ አውቶቡስ ቢመድብ፣ በየቦታውም የእንስሳቱን ስምና ጠባይ በአማርኛና በኦሮምኛ የሚገልጽ ሰሌዳ ቢቆም፣ የብዙ ሕፃናት እሑድ ይለወጣል። ትምህርት ቤቶችም ከዓመቱ የጉብኝት ቀናት አንዱን ለደን ይስጡ። ይህ እስኪሆን ለምትወጡ ወላጆች የምለምነው አንድ ነገር ነው፤ የውኃ ፕላስቲካችሁን እዚያ አትጣሉ፣ ይዛችሁት ተመለሱ።