የቤተ ሰብ ጤና፤ በመተማ ሐሩር የሚሮጥ የደጋ ልጅ

ከደባርቅ ወይም ከዳባት ተነሥቶ በጎንደር በኩል ወደ መተማ የሚወርድ ወጣት በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት አገር ያያል። ጠዋት ጋቢውን ተከናንቦ የወጣው ልጅ፣ ማታ ሸሚዙ ከጀርባው ላይ ተጣብቆ ያገኘዋል። ጎንደር ከባሕር ጠለል በላይ 2,100 ሜትር ያህል ከፍታ ሲኖራት መተማ ግን 700 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ከመጋቢት እስከ ግንቦት ባሉት ወራትም የቀትሩ ሙቀት ከ40 ዲግሪ የሚያልፍበት ቀን አለ። ወደዚያ የሚወርዱት ልጆቻችን ጥቂቶች አይደሉም። ለሰሊጥ አጨዳ የሚሄድ አለ፤ በመምህርነት ወይም በጤና ሥራ የሚመደብ አለ፤ ለንግድ የሚወርድም አለ። ከእነዚህ መካከል በአገሩ ማለዳ መሮጥ የለመደ ቢኖር፣ ዛሬ የምንጽፈው ስለ እርሱ ነው። ስንቁን የምታሰናዳለት እናቱም አብራ ብታነበው መልካም ነው።

ይህ ወጣት በወረደ ማግሥት ሊሮጥ ሲወጣ አንድ የሚያታልል ነገር ይገጥመዋል። የቆላው አየር ከደጋው ይልቅ የታመቀ ስለ ሆነ ትንፋሹ ይቀልለታል። «እግሬ በረታ» ብሎም ፍጥነቱን ይጨምራል። ነገር ግን ሳንባው ያረፈውን ያህል ልቡ አላረፈም። የሚሮጥ ሰውነት ራሱ እንደ ምድጃ ሙቀት ያመነጫልና፣ ያን ሙቀት ለማውጣት ደሙን ወደ ቆዳው መላክና ማላብ አለበት፤ ያው ደም ደግሞ ለጡንቻው ያስፈልጋል። ልብ ለሁለት ጌታ ስታገለግል ትደክማለች። በመጋቢትና በሚያዝያ አየሩ ደረቅ ስለ ሆነ ላቡ ሳይታይ ይደርቃል፤ ሰውየውም ምን ያህል ውኃ እንደ ጐደለበት አያውቅም። በክረምትና በመስከረም ግን ምድሩ ርጥብ ነውና ላቡ ይንጠባጠባል እንጂ አይደርቅም፤ ያልደረቀ ላብም ሰውነትን አያቀዘቅዝም።

ጉልበት በዚህ ነገር ላይ ብዙ እንደማይረዳ በዓለም ፊት የታየበት ጊዜ አለ። በ2012 ዓ.ም. መስከረም 16 ቀን፣ እኛ ደመራ በለኰስንበት ዕለት ሌሊት፣ በኳታር ከተማ በዶሃ የዓለም ሻምፒዮና የሴቶች ማራቶን ተካሄደ። ፀሐይን ለመሸሽ ሲባል ሩጫው የተጀመረው እኩለ ሌሊት ሊሆን አንድ ደቂቃ ሲቀረው ነበር። ሆኖም ሙቀቱ ከ30 ዲግሪ በላይ፣ የአየሩም ርጥበት ከባድ ነበርና ከተሰለፉት 68 ሯጮች 28ቱ አቋረጡ። አገራችንን የወከሉት ሦስቱም ሴቶች ካቋረጡት ውስጥ ነበሩ። (ያን ጊዜ የነቀፏቸው ሰዎች ነበሩ ቢባል አይገርመንም፤ እኛ ግን ሰውነቱ የሚነግረውን ሰምቶ መቆም የቻለ ሯጭ የሚያፍርበትን ነገር አናይም።) ከስምንት ቀን በኋላ፣ ሙቀቱ ወደ 29 ዲግሪ ገደማ ሲወርድና ርጥበቱ ሲቀንስ፣ በዚያው ከተማ በወንዶቹ ማራቶን ሌሊሳ ዴሲሳና ሞስነት ገረመው አንደኛና ሁለተኛ ሆነው ገቡ። እንግዲህ እነዚያን የመሰሉ ሯጮች ከአየሩ ጋር ሊስማሙ የሚገባቸው ከሆነ፣ ከዳባት የወረደው ልጅማ እንዴት አይገባው?

ሰውነት ሐሩርን የሚለምደው ከ10 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ነው። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሩብ ሰዓት ያህል፣ ርምጃም እየቀላቀሉ፣ መሮጥ ይበቃል፤ ከዚያም በየቀኑ በጥቂት በጥቂቱ መጨመር ነው። ለበዓል ወደ ደጋ ወጥቶ ሦስት ሳምንት የሰነበተ ሰው ልማዱ ይጠፋበታልና ሲመለስ እንደ አዲስ ይጀምር። በወባ ወይም በተቅማጥ ሰንብቶ የተነሣ፣ ወይም ሌሊቱን አረቄ ሲጠጣ ያደረ ሰው ደግሞ በዚያ ቀን ፈጽሞ አይሩጥ።

ሰዓቱን ከአገሬው መማር ይሻላል። የቆላ ሰው በጨረቃና በንጋት ሠርቶ በቀትር ጥላ የሚፈልገው ሰንፎ አይደለም። ለሯጭ የሚስማማው ወገግ ካለ በኋላ እስከ ጠዋቱ 1 ሰዓት ተኩል ያለው ጊዜ ነው። ማታም ይቻላል፤ ነገር ግን ምድሩ የዋለበትን ሙቀት ገና እየተፋ ስለ ሆነ ሩጫው ዝግ ይበል። ከመሸና ከመንጋቱ በፊት ግን የወባ ትንኝ ትነሣለች፤ የካላዛር በሽታ የምታስተላልፈውም አሸዋማ ዝንብ በዚያው ሰዓት ትነክሳለች። ስለዚህ ፀሐይን ሸሽቶ ወደ ጨለማ መግባት ሌላ ዕዳ አለው። ልብሱ ነጣ ያለ፣ ሰፊና ስስ ይሁን።

ውኃ ከመውጣቱ በፊት ይጠጣ፤ ከአንድ ሰዓት በላይ የሚሮጥ ከሆነ በኮዳ ይያዝ። ሆድ እስኪነፋ ድረስ ባዶ ውኃ መጋትም የደሙን ጨው አቅጥኖ ይጎዳል፤ ብዙ ያላበው ሰው ከምግቡ ጋር ጨው ያግኝ፣ ወይም ኦ.አር.ኤስ. የሚባለውን በጥብጦ ይጠጣ። ሽንቱ ወፍራም ቢጫ ሆኖ ያየው ሰው ያን ቀን ይረፍ።

በዚህ ላይ ዐቢይ ጾም የሚውለው ሐሩሩ በሚበረታበት ወራት መሆኑን ማሰብ አለብን። እስከ ዘጠኝ ሰዓት ውኃ ሳይቀምስ የሚውል ጿሚ በንጋት ቢሮጥ፣ ያጣውን ውኃ ሳይተካ ሙሉውን ቀን ይውላል። እንዲህ ያለው ሰው ሩጫውን ከበላና ከጠጣ በኋላ ወደ ማታ ያዙረው፤ አለዚያም እስከ ትንሣኤ ይተወው፤ መሮጥ ትእዛዝ አይደለምና። በፀሐይ ውሎ የሚሠራ የቀን ሠራተኛ ግን ሥራውን እንዲህ በቀላሉ ሊተው አይችልም፤ እርሱ ነገሩን ለንስሐ አባቱ ገልጦ ምክር ይጠይቅ።

የሚከተለውን በተለይ እናቶች እንዲያስተውሉት እንለምናለን። በፀሐይ የሮጠ ልጅ ራሱን ካመመው፣ ካጥወለወለው፣ ጡንቻው ከተኰማተረ ወዲያው ቁሞ ጥላ ይግባ፤ ውኃም ይጠጣ። ነገር ግን መንገዳገድ፣ መቀባጠር፣ የሚጠሩትን አለማወቅ ወይም መውደቅ ከመጣ ይህ በሙቀት መመታት ነው፤ በደቂቃዎች ውስጥ ይገድላል። በብዙ ቤት እንዲህ ያለውን ሰው «ምች መታው» ብለው ዳማከሴ አሽተው ያጠጡታል፤ ጋቢም ደርበው ያላቡታል። ዳማከሴውን አንነቅፍም፤ በሌላ ቀን ይሁን። ሰውነቱ ከ40 ዲግሪ በላይ የጋለን ሰው በጋቢ መጠቅለል ግን በእሳት ላይ ማገዶ መጨመር ነው። አእምሮው ለተሳተ ሰው በአፉ ምንም አይሰጥ፤ ያንቀዋል። የትኩሳት ክኒንም ይህን ግለት አያበርድም።

ልብሱን ያውልቁለት፤ በወደቀበት ስፍራ ያለውን ውኃ ሁሉ ከራሱ እስከ እግሩ ያፍስሱበት፤ በነጠላም ያራግቡት። በርሜል፣ የከብት ማጠጫ ገንዳ ወይም ወንዝ ቅርብ ከሆነ፣ አንድ ሰው ራሱን ደግፎ እየያዘ እስከ አንገቱ ይንከሩት። ይህ ሲደረግ ሌላው ሰው መኪና ይፈልግ፤ መኪናው እስኪመጣም ማቀዝቀዙ አይቋረጥ። በመንገድም ቢሆን እርጥብ ጨርቅ በአንገቱ፣ በብብቱና በብሽሽቱ ላይ ይሁን። ሆስፒታል ሲደርሱ መቼ እንደ ወደቀ፣ በውኃ ውስጥም ስንት ደቂቃ እንደ ቆየ ለሐኪሙ ይንገሩ፤ ልጁም ቢድን ሐኪሙ ሳይፈቅድለት ወደ ሩጫ አይመለስ።