ጨዋታው በቀጥታ ሲተላለፍ የልጆቻችን ስም እንዴት ይጻፍ?

የቼዝ ክበባችን ልጆች በመጪው የትምህርት ቤት ዕረፍት የሚያደርጉት ውድድር በኢንተርኔት በቀጥታ ይተላለፍ የሚል ሐሳብ ከቀረበ ወዲህ ጥያቄው በዝቷል። ‹‹ካሜራ በሌለበት፣ ኔትወርኩም ሲፈልግ መጥቶ ሲፈልግ በሚሄድበት ሰፈር ምኑ ነው የሚተላለፈው?›› ይሉናል ወላጆች። ውጭ አገር የደረሱ ዘመዶችም በስልክ ‹‹እኛስ ማየት እንችላለን ወይ?›› እያሉ ነው። ዛሬ ለሁለቱም መልስ እንሰጣለን። ከዚያም እኛን መምህራኑን ያከራከረንን አንድ ጉዳይ እናነሣለን።

የሚተላለፈው ፊልም ሳይሆን ጽሑፍ ነው። ፒ.ጂ.ኤን. የሚባል የፋይል ዓይነት አለ። ስቲቨን ኤድዋርድስ የተባለ አሜሪካዊ እ.ኤ.አ. በ1993 ደንቡን ካቀረበ ወዲህ በዓለም ላይ ብዙ የቼዝ ጨዋታ በዚሁ ይጻፋል። ተራ ጽሑፍ ስለሆነ በጣም ትንሽ ነው፤ ደካማ ኔትወርክም ይሸከመዋል። ከላይ ሰባት መስመሮች አሉት፦ የውድድሩ ስም፣ ቦታው፣ ቀኑ፣ ዙሩ፣ ነጭ የያዘው፣ ጥቁር የያዘው፣ ውጤቱ። ከሥር እንቅስቃሴዎቹ በቁጥር ተራ ይከተላሉ። ‹‹1. ኢ4 ኢ5 2. ኤንኤፍ3›› ማለት ነጭ ወታደሩን ወደ ኢ4፣ ጥቁር ወደ ኢ5፣ ቀጥሎ ነጭ ፈረሱን ወደ ኤፍ3 አንቀሳቀሱ ማለት ነው። በፋይሉ ላይ ፊደሎቹ የእንግሊዝኛ ናቸው።

አባቶቻችን ይጫወቱት በነበረው ሰንጠረዥ መጀመሪያ ላይ ሁለቱም ወገኖች ተራ ሳይጠብቁ፣ አንድ ጠጠር እስኪበላ ድረስ እንዳሻቸው ያንቀሳቅሱ ነበር። ያን በዚህ ፋይል መጻፍ አይቻልም። ፋይሉ የሚያውቀው አንዴ ነጭ፣ አንዴ ጥቁር የሚለውን ብቻ ነው።

ሀብታም ውድድሮች ጠጠሩ ሲነሳ ራሱ የሚመዘግብ የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳ አላቸው። እኛ ያለን ወረቀት፣ እርሳስና አንድ ላፕቶፕ ነው፤ እሱም ይበቃል። ልጆቹ እንቅስቃሴያቸውን በወረቀት ይመዘግባሉ፣ አንድ ተማሪ እየተዘዋወረ ይገለብጣል፣ መምህሩ ወደ ፋይሉ ያስገባል። ፋይሉን ሊቼስ በተባለው ነፃ ድረ ገጽ ላይ ማስተላለፍ ይቻላል። ይህን ድረ ገጽ ፈረንሳዊው ቲቦ ዱፕሌሲ እ.ኤ.አ. በ2010 የጀመረው ሲሆን ገንዘብም ማስታወቂያም የለበትም። መብራት ቢጠፋ ወይም ኔትወርክ ቢቋረጥ ወረቀቱ አለ፤ ሲመለስ ካቆምንበት እንቀጥላለን።

ዋናው ሥራ ግን ከውድድሩ በፊት ያለው ዝግጅት ነው። ማን ከማን እንደሚጫወት እንደታወቀ ለየሰሌዳው ሰባቱን መስመሮች ሞልቶ ማደር ይገባል። በተለይ አራት ነገር ልብ በሉ።

አንደኛ፣ ቀን። ፋይሉ የሚቀበለው የፈረንጆቹን አቆጣጠር ነው፤ መጀመሪያ ዓመት፣ ቀጥሎ ወር፣ ከዚያ ቀን። ለምሳሌ ሐምሌ 12 ቀን 2017 ዓ.ም. ‹‹2025.07.19›› ተብሎ ይጻፋል። በኛው አቆጣጠር ‹‹2017.11.12›› ብለን ብንጽፍ ማሽኑ ዝም ብሎ ይቀበላል፤ ጨዋታው ግን ኖቬምበር 2017 ላይ እንደተደረገ ሆኖ ይቀመጣል።

ሁለተኛ፣ ሰዓት። ከጠዋቱ 3 ሰዓት የምንለው በፈረንጆቹ 9 ሰዓት ነው። ያን ጊዜ ሚኒያፖሊስ ያለው ወንድማችን እንቅልፍ ላይ ነው፤ እዚያ እኩለ ሌሊት ወይም ከሌሊቱ 7 ሰዓት ይሆናል። ችግር የለውም፤ ሲነሣ ጨዋታውን ከመጀመሪያው አንድ በአንድ ያየዋል።

ሦስተኛ፣ ውጤት። ጨዋታው ሳያልቅ የኮከብ ምልክት (*) ይደረጋል። ሲያልቅ ነጭ ካሸነፈ 1-0፣ ጥቁር ካሸነፈ 0-1፣ እኩል ከሆኑ 1/2-1/2 ይጻፋል። ውጤቱ ከላይም በመስመሩ፣ ከታችም ከመጨረሻው እንቅስቃሴ በኋላ ስለሚጻፍ ሁለቱ መስማማት አለባቸው። ኮከቡ ካልተነሣ ያሸነፈችው ልጅ አሁንም እየተጫወተች ይመስላል።

አራተኛ፣ ስም። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ‹‹ጸሐይ››ን አንዱ በ‹ቲ›፣ ሌላው በ‹ኤስ› ይጀምራታል። በመሃል አጻጻፉ ከተለወጠ እንደ አዲስ ጨዋታ ሊቆጠር ይችላል። አንዴ የተመረጠው እስከ መጨረሻው ዙር ይጽና።

ያከራከረን ጉዳይም ይኸው ስም ነው። የቼዝ ፋይል አንዴ ከወጣ ማንም ይገለብጠዋል፣ በየማከማቻው ይቀመጣል፤ መልሰን እንሰብስበው ብንል አይቻልም። ከመካከላችን ያለበት ቦታ እንዲታወቅ የማይፈልግ ቤተሰብ አለ። ምክንያቱን መጠየቅ የኛ ሥራ አይደለም። የልጅ ስም፣ የአባት ስም፣ የካምፕ ስምና ቀን አንድ ላይ ከተጻፉ ግን ፈላጊ ላለው ሰው አድራሻ ማለት ነው።

በሌላ በኩል ‹‹የልጄ ስም ይውጣ!›› ያሉን እናቶች አሉ። ‹‹እዚህ ከመጣን ወዲህ የራሽን ካርድ ቁጥር ሆነን ቀረን፤ አንድ ቀን እንኳ በስሟ ትጠራ›› አሉ። እውነታቸውን ነው። እ.ኤ.አ. በ2024 ቡዳፔስት በተደረገው 45ኛው የቼዝ ኦሎምፒያድ የስደተኞች ቡድን ለመጀመሪያ ጊዜ ሲሰለፍ እኛም ደስ ብሎናል። በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል ይባል የለ?

ስለዚህ የተስማማንበት ይህ ነው። ውድድራችን የክበብ ውድድር ስለሆነ ሙሉ ስም ጻፉ የሚል አስገዳጅ የለም። ወላጅም ልጅም ሁለቱም ከፈቀዱ ስሙ ይጻፋል። አንዳቸው ካልፈለጉ ልጁ ራሱ በመረጠው ቅጽል ስም ይጫወታል። መልስ ያልሰጠም እንዳልፈቀደ ይቆጠራል። በቦታው መስመር ላይ የአገሩን ስም ብቻ እንጽፋለን፤ ብሎክና ዞን አይጠቀስም። በቅጽል ስም የተጫወተ ልጅ ሽልማቱን እዚህ በመካከላችን በገዛ ስሙ ተጠርቶ ይቀበላል።

ወላጆች ሆይ፣ ፈቃዳችሁን ለልጃችሁ የክፍል ኃላፊ መምህር ከውድድሩ ሳምንት በፊት አሳውቁን። ማታ ከልጆቻችሁ ጋር ቁጭ ብላችሁ ተመካከሩ፤ የእነሱንም ሐሳብ ስሙ።

እስከሚቀጥለው እትም ቸር ያሰንብተን።