በባሕር ላይ ስለሚንሳፈፍ ዘይትና ስለ ጌዴኦ ቡና

ባሕር የሌለው አገር ስለ ባሕር ምን አገባው የሚል ሰው አይታጣም። ዲላና ይርጋ ጨፌ፣ ወናጎና ገደብ ሁሉ ከወደብ እጅግ የራቁ ናቸውና ነገሩ እውነት ይመስላል። ነገር ግን በጌዴኦ ምድር ከእንሰት ጋር በዛፍ ጥላ ሥር የሚበቅለው ቡና ወደ ጂቡቲ ወርዶ በመርከብ የሚጫን፣ ለአገሩም የሚያስፈልገው ነዳጅና ማዳበሪያ በዚያው በኩል የሚገባ ስለ ሆነ፣ በቀይ ባሕር ላይ የሚደርሰው ጉዳት ለዲላ ነጋዴ የሩቅ ወሬ ሊሆን አይችልም።

የካቲት 10 ቀን 2016 ዓ.ም. ሩቢማር የተባለች መርከብ ከ21 ሺህ ቶን በላይ ማዳበሪያ ጭና በባብ ኤል መንደብ አጠገብ ስትጓዝ የየመን ሑቲዎች በሚሳይል መቷት። ከእርስዋ የፈሰሰውም ዘይት 29 ኪሎ ሜትር ያህል መዘርጋቱን የአሜሪካ ጦር አዛዦች አስታወቁ። መርከቢቱም የዓድዋ ድል በሚከበርበት ዕለት፣ የካቲት 23 ቀን ሰጠመች።

እንዲህ ያለውን ዘይት በሌሊትም ሆነ በደመና ውስጥ ለማየት የሚያስችለው ራዳር ነው። ሳተላይቱ ወደ ባሕር የራዲዮ ሞገድ በሰደደ ጊዜ፣ ነፋስ ያስነሣው ጥቃቅን ማዕበል ከሞገዱ ከፊሉን ወደ መጣበት ይመልሰዋልና ውሃው በሥዕሉ ላይ ብሩህ ሆኖ ይታያል። ዘይት ባረፈበት ስፍራ ግን ጥቃቅኑ ማዕበል ይተኛል፤ ሞገዱም በመስተዋት ላይ እንዳረፈ ብርሃን ወደ ሌላ ወገን ይሄዳል፤ ስፍራውም ይጠቁራል።

ሆኖም የጠቆረው ሁሉ ዘይት አይደለም። ነፋስ ጸጥ ያለበትም ውሃ፣ ከባድ ዝናብ የወረደበትም፣ የባሕር ሕያዋን ቅባት የሸፈነውም እንደዚሁ ይጠቁራል፤ ነፋስ እጅግ ሲበረታ ደግሞ እውነተኛው ዘይት ከውሃው ጋር ተደባልቆ ይሰወራል። ስለዚህ የነፋሱን ኃይልና የመርከቦችን መንገድ አስተያይቶ የሚፈርድ የሠለጠነ ሰው ያስፈልጋል።

ኢትዮጵያ በታኅሣሥ 2012 ዓ.ም. ያመጠቀቻት ሳተላይት በፀሐይ ብርሃን የምታይ እንጂ ራዳር ያላት አልነበረችም። ነገር ግን አውሮፓውያን ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮ ያመጠቋቸው ሴንቲኔል 1 የተባሉት ሳተላይቶች የሚያነሡት የራዳር ሥዕል ለጠየቀ ሁሉ ያለ ዋጋ ይሰጣል። እንግዲህ የጐደለው ሥዕሉ ሳይሆን አንባቢው ነው፤ ይህንንም ሰው ለማዘጋጀት የዲላ ዩኒቨርስቲ ከወደብ መራቁ ምክንያት ሊሆነው አይገባም። ያው ራዳር በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ የተመዘገበውን የጌዴኦን ምድር፣ ክረምት በደመና ሲሸፍነውም እንኳ፣ አሻግሮ ያያል።